ቅዳሜ ዕለት መኪናዋ የት ነበረች

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሁሉም «ማስመሪያ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣላት የጥራዝ ክፍሉ ቀልደኛ ነው። አንድ ቀን የደብተር ሽፋን የፀጉር ያህል ተዛንፏል ብላ የታሰረውን እሽግ በሙሉ ስታስፈታው ጊዜ፣ «እኚህ ሴትዮ እኮ ሰው አይደሉም፣ ማስመሪያ ናቸው!» አለ። ሰው ሳቀ፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። እሷም አልከፋትም። እንዲያውም ውስጥ ውስጡን ደስ ይላት ነበር።

የሠራተኛ ማህበሩ የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆና የተመረጠችውም በዚሁ ጠባይዋ ነው። ኮሚቴው የማህበሩን ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ የሚከታተል ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ የሚቆረጠው መዋጮ የት ገባ ብሎ ይጠይቃል፤ ያለ ሰብሳቢው ፊርማም ወጪ አይወራረድም። ከእሷ በፊት የነበሩት ሰብሳቢ ደግ ሰው ነበሩ፤ ችግራቸው የቀረበላቸውን ሁሉ ሳያነቡ መፈረማቸው ነው። ማስመሪያ ግን የእስክሪብቶ ደረሰኝ እንኳ ገልብጣ ሳታይ አታሳልፍም።

ማህበሩ ካለው ንብረት ሁሉ ትልቁ አንዲት ያገለገለች ነጭ ሚኒባስ ነበረች። ማተሚያ ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ከመጋዘኖች ኋላ ነው ያለው። ታክሲ እንደ ልብ አይገኝም። አምቡላንስ ተጠርቶ የሚደርሰው ሰውየው ወይ ድኖ ወይ ተቀብሮ ነው እያሉ ሠራተኞቹ ይቀልዱ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከሕትመት ክፍል አንዷ ምጥ ያዛትና ወረቀት በሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ፣ በጥቅል ወረቀቶች መሃል ተጋድማ ሆስፒታል ሄደች። ከዚያ ወዲያ ቀልዱ ቆመ። ሠራተኛው ከደመወዙ ተጨማሪ እያስቆረጠ፣ አንዳንዱም እያጉረመረመ፣ መኪናዋን ገዛ።

«እንግዛ» ብላ ሽንጧን ገትራ የተከራከረችው ማስመሪያ ነበረች። ደንቡን ያረቀቀችውም እሷ ናት፤ «መኪናዋ ከግቢ የምትወጣው ለታመመና ለተጎዳ ብቻ ነው።» በትልቁ አሳትማ የማህበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ሊቀመንበሩ በመኪናዋ ለቤቱ ሽንኩርት አስጭኖ በተገኘ ጊዜም በኮሚቴው ፊት አስቁማ የነዳጁን አስከፈለችው። ሊቀመንበሩ ተጫዋች ሰው ነው፤ በዚያም ቀን «ሽንኩርቱም ታሞ ነበር እኮ!» ብሎ ሰውን አሳቀ። ጆሮዎቹ ግን ፍም መስለው ነበር። ማስመሪያ አየችው፤ አላዘነችለትም።

ከዓመት በኋላ የማስመሪያ አንድያ ልጅ ትዳር ያዘች። የምትገባው ከባሏ ወላጆች ግቢ ውስጥ ነው። ማስመሪያ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ልጇን በጥራዝ ደመወዝ ያሳደገች ሴት ናት፤ ቢሆንም ባዶ እጇን አልሰደደቻትም። ከስንት ዓመት ቁጠባ አልጋ፣ የልብስ ስፌት መኪናና ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ገዛችላት። ሲገዛ ያላሰበችው ማጓጓዣውን ነው።

የልጇ አማት አንድ ቀን ሊጠይቋት መጥተው ቁም ሳጥኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና፣ «እንዲያው ይሄ ሁሉ ዕቃ በምን ይመጣል?» አሏት።

«በመኪና ነዋ» አለች ማስመሪያ፣ ሳታስብ።

የጭነት መኪና ኪራይ ስትጠይቅ ግን የተነገራት ዋጋ ወሽመጧን ቆረጠው። በእጇ የቀረው ለጋሪ ብቻ ይበቃል። ጋሪ ነውር አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ በጋሪ ነው ዕቃ የሚያጓጉዘው። እሷን ያስጨነቃት የልጇ አማት በር ላይ ቆመው ጋሪው ሲመጣ፣ ቁም ሳጥኑም በገመድ ተጠፍንጎ ሲንገጫገጭ የሚያዩት ነገር ነው። ይሉኝታ ያዛት። በሐሳቡ ሌሊት ትገላበጣለች፣ ቀን ሥራ ላይ ትፈዛለች።

ሊቀመንበሩ ከማን እንደሰማ አይታወቅም። በምሳ ሰዓት አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ለልጅሽ ዕቃ መኪና ቸግሮሻል አሉኝ።»

«ማን አለህ?»

«ማንም ይበል። ያቺ መኪና ግቢ ውስጥ ቆማ ጎማዋ እየደረቀ አንቺ ትቸገሪያለሽ? ቅዳሜ ሾፌሩ ይምጣልሽ። ጠዋት ሄዶ ከምሳ በፊት ይመለሳል።»

«ደንቡስ?» አለች። ድምጿ ግን የድሮው ድምጿ አልነበረም።

«ደንቡን ማን አወጣው? አንቺ አይደለሽ?» ብሎ ፈገግ አለ። «ለአንድ ቀን እናትም ሁኚ እንጂ።»

ፈገግታው ምን ማለት እንደሆነ ገብቷት ነበር። ከዚህ በኋላ ስለ ሽንኩርትም ሆነ ስለ ሌላ ነገር አፏን ሞልታ ልትናገረው እንደማትችል በዚያች ደቂቃ አውቃለች። እምቢ ለማለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «ነዳጁን እኔ እሞላለሁ» የሚል ነበር።

ቅዳሜ ማሽኖቹ እንደማይቆሙም ታውቅ ነበር። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ሥራ ተደራርቦ ሰው ሁሉ ትርፍ ሰዓት ይገባል። እሷ ፈቃድ ወሰደች። ሾፌሩ በማለዳ መጣና ቁም ሳጥኑ አልገባ ቢለው የኋላ ወንበሮቹን ፈታትቶ እሷ ቤት ደጃፍ ላይ ደረደራቸው። አልጋው ገባ፣ ስፌት መኪናው ገባ፣ ቁም ሳጥኑም በብዙ «ወደ አንተ፣ ወደ እኔ» ገባ።

የልጇ ግቢ ሲደርሱ አማትዬው እንደተገመተው በር ላይ ነበሩ። ነጯን መኪና ከላይ እስከ ታች አዩአት። «የማን መኪና ነው?» ሲሉ ልጅቷ ቀደመችና፣ «የእናቴ መሥሪያ ቤት ነው። እናቴ እኮ እዚያ አለቃ ናት!» አለች። ማስመሪያ አላረመቻትም። ቀና ብላ ቆመች።

ቁም ሳጥኑ ግን በመኝታ ቤቱ በር አልገባም አለ። ቢያጋድሙት ያው፣ ቢያቆሙት ያው። የልጇ ባል መዶሻ አምጥቶ የበሩን ጉበን ነቀለ። አማትዬው፣ «ኧረ ቀስ፣ ቤቱን አታፍርሱብኝ!» ይላሉ። ሾፌሩን ላብ አጥምቆታል። ሰዓቱ እየሄደ መሆኑን ማስመሪያ ታያለች፤ ግን ቁም ሳጥን በር ላይ ተሰንቅሮ እንዴት ትተውት ይሄዳሉ?

በዚህ መሃል ስልኳ ጠራ። ከቦርሳዋ አወጣችና አየችው፤ የማተሚያ ቤቱ ዘበኛ ናቸው።  የመጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው መኪናዋ መውጣቷን አይቶ፣ የት ሄደች ብሎ ዘበኛውን አስደውሏቸዋል። ምን ብላ ትመልስ? ያውም አማትዬው አጠገቧ ቆመው? ድምፁን ዘጋችና ስልኩን መልሳ ከተተችው። ትንሽ ቆይቶ ቦርሳው ውስጥ ነዘረ። ደግሞ ነዘረ። ሾፌሩ የራሱን ስልክ ቤቱ ረስቶ ነው የመጣው።

«ማነው?» አለቻት ልጇ።

«ከሥራ ነው። ይደርሳል።»

ቁም ሳጥኑ በመጨረሻ ገባ። አማትዬው ምሳ ሳትበሉ ንቅንቅ የለም አሉ። እሺ ብለው ተቀመጡ፤ በሉ፤ ተመረቁ። ማስመሪያ ከባድ ሸክም እንደወረደላት ሰው እየሳቀች ነበር የወጣችው።

ወንበሮቹን ከቤቷ ጭነው ማተሚያ ቤቱ በር ሲደርሱ ዘበኛው በሩን ከፍተው መሃል ላይ ቆመው ነበር። ሽማግሌው መኪናዋ ውስጥ የተከመሩትን ወንበሮች አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ።

«ልጄ፣ ስልክሽ ምን ነካው?» አሏት።

«ምን ሆናችሁ ጋሼ?»

«ቆራጩን መቁረጫው በላው።»

ቆራጩ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ላይ የሚሠራው ነው፤ ዝምተኛ፣ ሥራውን አክባሪ፣ የሁለት ልጆች አባት። ምላጩ ከቀኝ እጁ ሦስት ጣቶቹን ወስዶበታል። ሠራተኞቹ እጁን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ የተቆረጠውን በበረዶ አድርገው፣ መኪናዋ ወደምትቆምበት ቦታ ሮጡ፤ ቦታው ባዶ ነበር። ወረቀት በሚገፉበት ጋሪ ላይ አስቀምጠውት እስከ አስፋልቱ ገፉት። የመጣ አንድ ታክሲ ደሙን አይቶ፣ ወንበሬ ይበላሽብኛል ብሎ ሄደ። ሌላው ቆም ብሎ ሄደ። በመጨረሻ አትክልት የጫነ ፒካፕ ጎመኑን ገፋ አድርጎ ወሰደው። ይህን ሁሉ ዘበኛው አንድ በአንድ ነገሯት።

«በረዶው ሲቀልጥ እያየሁ ነው የደወልኩልሽ» አሉ። «ሊቀመንበሩን ብጠይቀው እሷ ታውቃለች አለኝ።»

ሾፌሩ መሪው ላይ ግንባሩን ደገፈ። ማስመሪያ እጇን ወደ አፏ ወሰደች። ምሳ የበላችበት እጇ ላይ ገና የሳሙናው ሽታ አለ።

ሆስፒታል ስትደርስ ሊቀመንበሩ ቀድሟት ነበር። የቆራጩ ሚስት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ማስመሪያን ስታያት ብድግ ብላ አቀፈቻት።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ በዕረፍት ቀንዎ መጡልን» አለቻት። «ምን ይደረግ፣ የእኛ ዕድል ሆኖ መኪናዋም ዛሬ ጋራዥ ገብታ!»

ማስመሪያ ቀና ስትል ሊቀመንበሩን አየች። ዓይኑን አንድ ጊዜ ጨፈን አድርጎ ከፈተ። ጋራዥ ያለው እሱ ነው። ለሁሉም አውርቶታል። ውሸቱን ለማፍረስ የሚበቃው የእሷ አንድ ቃል ነው፤ «አልነበረችም» የሚል። የሴትዮዋ እጆች ትከሻዋ ላይ ናቸው። ማስመሪያ፣ «አይዞሽ፣ እግዜር ይማረው» አለች። 

ሐኪሙን ለብቻው አግኝታ ጠየቀችው። «ቶሎ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ጣቶቹ ይተርፉ ነበር?»

«ዘመዱ ነዎት?»

«የሥራ ባልደረባው ነኝ።»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «አንዳንዱ ይተርፋል፣ አንዳንዱ አይተርፍም። እኔ የማውቀው በመጣበት ሰዓት ያየሁትን ነው።»

አዎ ቢላት መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ትል ነበር፤ አይደለም ቢላት እፎይ ትል ነበር። ሁለቱንም ሳይላት ሄደ።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ አንድ ወረቀት ይዞ ወደ ጥራዝ ክፍል መጣ። የጋራዥ ሂሳብ ነው፤ ፍሬን፣ ዘይት፣ የእጅ ዋጋ፣ ከነማህተሙ።

«ይሄ ምንድነው?» አለች።

«ጋራዥ ነበረች ብለናል። ጋራዥ የገባች መኪና ሳትከፍል አትወጣም፣ እህቴ።»

«ገንዘቡስ ለማን ሊሄድ ነው?»

«ለቆራጩ ቤተሰብ እንሰጠዋለን እንጂ፣ ምን ልናደርገው? ደግሞ አንቺን ብዬ ነው የዋሸሁት። ለእኔ ብዬ መሰለሽ?»

ቆራጩ ቤት እንደማይደርስ ታውቃለች። እስክሪብቶ አነሳች። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ፊርማዋ ጥርት ያለ፣ የሚነበብ ነበር። የዚያን ቀን የፈረመችው እንደ ትል የተጠማዘዘ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ መምጣቱ አልቆመም። የጎማ ተባለ፣ የባትሪ ተባለ፣ የእንግዳ መስተንግዶ ተባለ። ሊቀመንበሩ መለማመጥም ተወ፤ ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርጎ «ነገ እወስደዋለሁ» ይላታል። የኮሚቴው ሌሎች ሁለት አባላት እሷ ከፈረመች አያነቡም። ማስመሪያ ያሳለፈችው ወረቀት ምን ይነበባል?

ቆራጩን ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄዳ ጠይቃዋለች። በሄደች ቁጥር ወንበር ያስለቅቅላታል፣ ከልጆቹ አንዱን «ተነስ፣ እትዬ መጥተዋል» ይላል። በግራ እጁ ውሃ ሊቀዳላት ሲሞክር ጠረጴዛው ላይ ያፈሳል። ሦስተኛ ጊዜ መሄድ አቃታት። ሥራ በዛብኝ አለች።

የማህበሩ ጠቅላላ ጉባኤ የተካሄደው በሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ ነው። ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፤ ሰው አግዳሚ ላይ ተደርድሯል፤ ቦታ ያጣውም ቆሟል። ሊቀመንበሩ ሪፖርቱን አቀረበ። ማስመሪያ የቁጥጥር ኮሚቴውን ሪፖርት አነበበች፤ «ሂሳቡን መርምረነዋል፣ ትክክል ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ቀና ሳትል አለፈቻት። ተጨበጨበ።

ከዚያ ቆራጩ እጁን አውጥቶ ዕድል ጠየቀ። ከአደጋው ወዲህ ስብሰባ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። 

«እኔ መናገር አልችልበትም» አለ። «በመጀመሪያ አመሰግናለሁ። ስታመም መጥታችሁ ጠይቃችሁኛል። አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ያቺ መኪናችን አርጅታለች። ለእኔ ያልደረሰችልኝ ማንም አጥፍቶ አይደለም፤ ብልሽት ነው፣ ምን ይደረጋል። ሌላ ሰው ግን እንደኔ እንዳይሆን ከደመወዛችን ትንሽ ጨመር አድርገን በደንብ እናሠራት። እኔ አሁን የማገኘው ግማሽ ደመወዝ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ከኔ ይቆረጥ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሊቀመንበሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ ብድግ አለና፣ «ይህ ነው አንድነት! ከዚህ በላይ ምን ይባላል? በቀጥታ ድምጽ እንስጥ» አለ። በደንቡ መሠረት የተነሳውን እጅ የሚቆጥረው የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ማስመሪያ ተነሳች።

እጆች ወጡ። ቀለም የነካቸው የማተሚያ ክፍል እጆች፣ ሙጫ የደረቀባቸው የጥራዝ ክፍል እጆች፣ የዘበኛው እጅ። ከኋላ ጀምራ እየቆጠረች ወደ ፊት መጣች። የፊተኛው አግዳሚ ጋ ስትደርስ ቆራጩ እንደቆመ እጁን አንስቷል። ከልማድ ነው መሰለኝ ያነሳው ቀኙን ነው። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ቀርተው ነበር፤ መሃሉ አዲስ ቆዳ ለብሶ ሮዝ ሆኗል።

ቁጥሩ ጠፋባት። እንደገና ልትጀምር ፈለገች፤ አልቻለችም።

«ምነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«መኪናዋ ጋራዥ አልነበረችም» አለች።

ድምጿ ዝግ ያለ ስለነበር ከኋላ ያሉት «ምን አሉ?» ተባባሉ። ደገመችው። «ቅዳሜ ዕለት መኪናዋ ጋራዥ አልነበረችም። እኔ ጋ ነበረች። የልጄን ቁም ሳጥን ይዛ ነበር።»

አንድ ሰው ከመሃል «ቁም ሳጥን?» ብሎ ሳቅ አመለጠው። ማንም አልተከተለውም።

ሊቀመንበሩ ወደ እሷ መጣ። «ደክሟት ነው» አለ ለሰው። «እህቴ፣ ተቀመጪ። ሐዘኑ ከብዷት ነው፣ ውሃ ስጧት።»

«የጋራዡ ሂሳብም ውሸት ነው» አለች። «የጎማውም፣ የባትሪውም። እያወቅሁ ነው የፈረምኩት።»

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ተነሳ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ተለዋወጠ። «ማን ለመናት? መኪና ቸገረኝ ብላ ያለቀሰችው እሷ! የፈረመችው እሷ!» ብሎ ጮኸ።

አላለቀሰችም ነበር፤ አልለመነችውምም። ግን ይህንን ለይታ ብትናገር ምን ይረባታል? «አዎ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች። ሾፌሩ በሩ አጠገብ ቆሞ አንገቱን ደፍቷል።

ቆራጩ ገና አልተቀመጠም። እጁን አውርዶ ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ሰው ሁሉ እሱን ማየት ሲጀምር ጫጫታው በራሱ ጊዜ ቆመ።

«እትዬ» አለ። «ጋሼ ዘበኛ ደውለው ነበር። ስልኩ ሲጠራ ሰምተውታል?»

ማስመሪያ የጠበቀችው ስድብ ነበር። ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ሰምቻለሁ። ማን እንደደወለም አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«መኪናዋ የት ናት ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። አፍሬ ዘጋሁት።»

ቆራጩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ወደ ወለሉ ማየት ጀመረ። ከአዳራሹ ውስጥ የጮኸባት አልነበረም። ከሁሉም የከበዳት ይህ ነው። ዘበኛው ብቻ ሲያልፉ ትከሻዋን ነካ አድርገው፣ «ምነው ልጄ፣ አንቺው ትናገሪያለሽ ብዬ አፌን ይዤ ስጠብቅ ቆየሁ፤ ያኔውኑ ብትዪው» አሏት።

ሊቀመንበሩ ከሥልጣኑ ወረደ፤ የወሰደውን ከደመወዙ እያስቆረጠ እንዲመልስ ተወሰነበት፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደ። ማስመሪያም ከኮሚቴው ተነሳች። የእሷንም ድርሻ እንዲቆርጡባት ራሷ ጠየቀች። ሁለቱም ከሥራ ይባረሩ ያሉም ነበሩ፤ ቆራጩ ግን እጁን ሳያነሳ ቀረ፤ ሌላውም እሱን አይቶ ተወው፤ ሐሳቡ ወደቀ። አዲሱ ኮሚቴ የጋራዡን ወረቀት ሁሉ አንድ በአንድ ሲያገላብጥ እሷን እየጠራ ይጠይቃት ነበር። ሄዳ በር ላይ ትቆማለች፤ «ይግቡ» እስኪሏት አትገባም።

ወሬው የልጇ አማት ጆሮ ደረሰ። ልጅቷ ደውላ፣ «ለምን በሰው ፊት አነሳሽው? እኔ ምን ብዬ ነው አሁን እዚህ ቤት ቀና የምለው?» ብላ አለቀሰች።  ለወራት ሳይጠያየቁ ቆዩ። ኋላ ልጅቷ ራሷ መጣች፤ ስለ ነገሩ ሳያነሱ አብረው ዋሉ፣ አመሹ፤ ልጅቷ ስትሄድ በር ላይ እንደ ሕፃንነቷ የእናቷ አንገት ውስጥ ተሸጎጠች።

ቆራጩ ወደ መቁረጫው መመለስ ስላልቻለ ጥራዝ ክፍል ተመደበ። የሰጡት ቦታ ከማስመሪያ ፊት ለፊት፣ በአንዱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌላ ባዶ ቦታ አልነበረም። ጠዋት «እንደምን አደሩ እትዬ» ይላታል። «እግዜር ይመስገን፣ እንደምን አደርክ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሥራ ቃል ካልሆነ በመካከላቸው የሚነገር የለም። እሽግ ሲያስር የገመዱን ጫፍ የሚይዝለት ሲፈልግ፣ በጎኑ ያለውን ቀልደኛ ይጠራል። ቀልደኛው ይይዝለታል፤ እየያዘም ስለ ኳስ ያወራዋል።

አንድ ቀን ቀልደኛው ከሥራ ቀረ። ቆራጩ እሽጉን ደረደረ፣ ገመዱን አዞረ፣ የገመዱን አንድ ጫፍ በትንሿ ጣቱና በመዳፉ መሃል ለመያዝ ሞከረ፤ አመለጠው። እንደገና ያዘ፤ አመለጠው። ማስመሪያ ሳታስበው እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ይተዉት እትዬ» አለ። ቁጣ የለበትም፤ ለማንም የሚለው ዓይነት ነው። «እችላለሁ።»

እጇን መለሰች። ተነስታ ብትሄድ ሸሸች ይላል፤ ቁጭ ብላ ብታየው ታሳፍረዋለች። የራሷን ሥራ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ገጾቹን መደርደር ጀመረች። በጠረጴዛው ማዶ ገመዱ ሲያመልጠውና እንደገና ሲይዘው ይሰማታል። ቆራጩ ጫፉን በጥርሱ ያዘ፤ ጎንበስ አለ፤ በግራ እጁ ጎተተ። ብዙ ቆየ። ከዚያ የታሰረውን እሽግ ገፋ አድርጎ ወደ እሷ በኩል ላከው፤ እሷም ቋጠሮውን ሳትነካ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው።